የማንጎ እንፋሎት

ዘካሪያ ፈትሂያን ሁለት ጊዜ ፈቷታል፤ ሁለቱንም ጊዜ በሲጋራ ሰበብ። የመጀመሪያው ክብሪት ጠፋ ብሎ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሱሪውን ስታጥብ ኪሱ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ፍሬ ሲጋራ ውሃ አስነክታበት። ሰው ሚስቱን በቅናት ይፈታል፣ በእናቱ ምክር ይፈታል፣ በድህነት ይፈታል፤ በአንዲት ፍሬ ሲጋራ የፈታ ግን በኮምቦልቻ ዘካሪያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ንዴቱ ሲበርድለት ሽማግሌ ይልካል፣ ያለቅሳል፣ ይመልሳታል። እሷም ትመለሳለች። ትወደዋለች፤ ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

በሸሪዓው ፍች ሦስት ነው። ከሁለቱ መመለስ ይቻላል፤ ሦስተኛው ሲወድቅ ግን በሩ ይዘጋል። ሴትዮዋ ሌላ ባል አግብታ፣ እሱም ሞቶባት ወይ በፈቃዱ ፈትቷት ካልሆነ በቀር ወደ ፊተኛው ባሏ መመለስ የለም። ለዘካሪያ እንግዲህ የቀረችው አንዲት ፍች ናት። አስተዋይ ሰው ቢሆን እሷን ደህና ቦታ ቆልፎ ያስቀምጣት ነበር። እሱ ግን ምላሱ ጫፍ ላይ አንጠልጥሏት ይዞራል።

ሁለቱንም ጊዜ ፈትሂያ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ወጥታ፣ ደሴ ወንድሟ ቤት ነው የገባችው። ወንድሟ ሙንዚር ፒያሳ ላይ ትንሽ የስልክ ዕቃ መሸጫ አለችው፤ ቻርጀር፣ ከቨር፣ ኤርፎን። አባታቸው ሲሞት የታላቅነት ሸክሙ ስለደረሰው፣ በኒካሕዋ ዕለት የዘካሪያን እጅ ጨብጦ "ድሬልሃለሁ" ያለው እሱ ነው። እሷ ባለቀሰች ቁጥርም በዚያች ቃሉ የሚቃጠለው እሱ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ ሙንዚር ክፉ ሰው ሆኖ አልጀመረም። እህቱን ይወዳል፤ ባሏን ቢጠላም በቂ ምክንያት ነበረው።

በሁለተኛው እርቅ ላይ ግን አንድ ነገር ሆነ። ዘካሪያ ሽማግሌዎቹ ፊት እየሳቀ፣ "አማቼ፣ እህትህን መልሼ እምወስዳት እኮ ላንተ አዝኜ ነው፤ በቻርጀር ሽቦ ልታኖራት ኖሯል?" አለው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ፈትሂያም፣ መመለሷ ደስ ብሏት፣ ሳቀች። ሙንዚርም አብሮ ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ ነበር የሳቀው። የሽማግሌዎቹን ሳቅ በሳምንቱ ረሳው። የእህቱን ግን አልረሳውም።

ሳቁ ሲያልቅ እርቁን የያዙት ሸኽ መሕሙድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሰፈሩ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው።

"ልጄ ዘካሪያ፣" አሉት፣ "ያንተ ጠብ ሥሩ ጭስ ነው። ትምባሆን ሳትተው ይሄ ቤት ቤት አይሆንም።"

ዘካሪያ ሰው ፊት ወኔ አያንሰውም። ብድግ አለ።

"ወላሂ! ካሁን ወዲያ ትምባሆ ባፌ ከገባ ፈትሂያ ፍች ናት!"

ሸኹ ደነገጡ። "ተው አንተ! ቃልህን ሰብስብ! ጾም ማል፣ ሰደቃ ማል፤ ሚስትህን ምን ቤት ናት ብለህ እምታስይዛት?" አሉት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አምስት ሰው ሰምቶታል። ፈትሂያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዐይኗ ላይ ግን ሙንዚር ፍርሃት አላየም፣ ኩራት ነው ያየው። በአንዲት ፍሬ ሲጋራ የፈታት ሰው፣ ዛሬ ሲጋራን በእሷ ስም ሊተው ማለ። እሷ ይሄን ፍቅር አለችው። ምን ታድርግ፣ ከእሱ ሌላ ዓይነት አይታ አታውቅም።

ዘካሪያ ሦስት ሳምንት ጨከነ። በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል የፈረቃ አለቃ ነው፤ እጁ የሚይዘው ቢያጣ ከረሜላ መጠጠ፣ መፋቂያ አኘከ፣ ክር በተበጠሰ ቁጥር ሠራተኛው ላይ ጮኸ። ቤቱ ሲገባ ግን አፉን ይዘጋል፤ ምላሱን ፈርቶ። በአራተኛው ሳምንት ደሴ ወጣና የሙንዚር ባንኮኒ ላይ በሁለት ክንዱ ተደፋ።

"አማቼ፣ አልቻልኩም። ወላሂ አልቻልኩም። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። ባጨስ እሷን ላጣ ነው፣ ባላጨስ ላብድ ነው።"

ሙንዚር ከላይ እስከ ታች አየው። ያ ሽማግሌ ፊት ያሳቀበት ሰው ከንፈሩ ደርቆ፣ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ፣ የቻርጀሩን ሽቦ እያፍተለተለ ቆሟል። ከዚያ ጎንበስ አለና፣ ሕጉ እንዳይሸጥ ስለከለከለው ከኤርፎኑ ካርቶን ኋላ የሚደብቀውን ዕቃ አወጣ። የጣት ርዝመት ያላት፣ ቢጫ፣ ለስላሳ ነገር ናት።

"ቬፕ ይሉታል፣" አለው። "የአዲስ አበባ ልጆች ሲጋራ እሚተዉት በዚህ ነው።"

"ትምባሆ አለው?"

ሙንዚር ውሸት አይወድም። ውሸት ሐራም ነው።

"እሳት ታያለህ?" አለው።

"የለም።"

"ቅጠል ታያለህ?"

"የለም።"

"አመድስ?"

"እሱም የለም።"

"እንፋሎት ነው። ሳበውና ምን ምን እንደሚል አንተው ንገረኝ።"

ዘካሪያ ሳበ። በአፍንጫው ነጭ እንፋሎት ወጣ። ዐይኑ ተከደነ፣ ትከሻው ወረደ፣ የጣቱ መንቀጥቀጥ ቆመ።

"ማንጎ ማንጎ ይላል፣" አለ በለሆሳስ።

"ማንጎ ነዋ።"

ከዕቃዋ ታች፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ ኒኮቲን አምስት በመቶ የሚል ተጽፏል። ሙንዚር አንብቦታል፤ ኒኮቲን የት እንደሚበቅልም ከስልኩ ላይ አይቷል። ዕቃዋን ያቀበለው አውራ ጣቱን ጽሑፉ ላይ አድርጎ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። የተጣለው ዶሮ "አላህ ይስጥህ፣ ቤቴን አተረፍክልኝ" ብሎ አቅፎት ወጣ።

የሙንዚር ሐሳብ ቀላል ነበር። ሰውዬው መላቀቅ እስኪያቅተው አንድ ወር መታገሥ፣ ከዚያ ሸኽ መሕሙድ ዘንድ ወርዶ ያቺን ጽሑፍ ማንበብ። እህቱ ነጻ ትወጣለች፤ ያ ሳቂታም ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ወሩ አለቀ። ሙንዚር አልወረደም። ሁለተኛውም አለቀ።

ለምን አትሉም? ጣፈጠው። ኮምቦልቻ ሲወርድ ዘካሪያ ከበር ወጥቶ ይቀበለዋል፣ ትራስ ያመቻችለታል፣ "አማቼ ይብላ" ብሎ የሥጋውን ደህና ደህና ወደ እሱ ይገፋለታል። ሙንዚር እየጎረሰ ቤቱን ይቃኛል፤ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ። አንዲት ቃል ብወረውር ይሄ ሁሉ ይፈርሳል ብሎ ያስባል። እንዲህ ያለ ሥልጣን በቻርጀር ንግድ አይገኝም። የሰው ትዳር በመዳፍ ይዞ መዋል እንደ ጫት በርጫ ነው፤ አንዴ ከተቀመጡበት መነሣት ያስጠላል።

ፈትሂያ ደግሞ ወፈረች፣ ፊቷ ጠራ። ባሏ አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ሲከፋው ወደ ጓሮ ወጥቶ ያቺን ቢጫ ነገር ስቦ ይመለሳል። አንድ ቀን ከሐርቡ ያስመጣችውን ፓፓያ በዘንቢል ይዛ ደሴ ወጣች።

"ወንድምዓለሜ፣" አለችው፣ "በየሰላቴ ዱዓ እማረግልህ አንተን ነው። በሮመዷን እንኳ፣ ታምነኛለህ? አዛን ሲል ቴምሩን ትቶ መጀመሪያ እሷን ነበር እሚስባት። ሳቄን አልችልም። ግን ይሳብ፤ እንፋሎት ምን ይጎዳል?"

"ምንም፣" አላት ሙንዚር።

ይህችኛዋ ውሸት ነበረች። ከአፉ ስትወጣ እሱንም ትንሽ ቆነጠጠችው፤ ፓፓያውን ሲቆርጥ ግን ረሳት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ሚያዝያ ላይ ዘካሪያ ማሳል ጀመረ። በመጀመሪያ የሽመና ክፍሉ ብናኝ ነው ተባለ። ከዚያ ትኩሳት መጣ፣ ከዚያ የፋብሪካውን ደረጃ አጋማሹ ላይ ቆሞ ማረፍ መጣ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄደ።

"ያጨሳሉ?" አለው ሐኪሙ።

"ወላሂ አላጨስም! ትቻለሁ!"

እንዲህ ብሎ የማለ ሰው ማን ይጠረጥረዋል? ሲጋራ አይደለማ! እሳት የለው፣ አመድ የለው። የሳንባ ምች ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት። አልተሻለውም። አክታው ተመረመረ፤ ቲቢም አይደለም። ሌላ መድኃኒት ሰጡት። ከንፈሩ ሲጠቁር ወደ ደሴ ላኩት።

ደሴ ሆስፒታል ሲገባ ራጁን ያየችው ዶክተር ሰርክአዲስ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ራጁ ላይ ጥቁር ሆኖ መታየት የነበረበት ሳንባ ሁለቱም በኩል ጭጋግ ለብሷል። ኦክስጅን ተገጠመለት። እሷም ጠየቀች።

"ሲጋራ? ሺሻ? የሚስበው ነገር አለ?"

"ዶክተር፣ የሱን እኔ ልማልልሽ፣" አለች ፈትሂያ። "ካቆመ ሰባት ወሩ። ጭስ ባለበት እንኳ አይቆምም።"

ሙንዚር አልጋው ግርጌ ቆሟል። ዶክተሯ ወረቀቷ ላይ "አያጨስም" ብላ ስትጽፍ የእስክሪብቶውን ጫፍ በዐይኑ ተከተለው። አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ብትነገር ሐኪሟ መላውን ታገኛለች፣ ሰውዬውም ይተርፋል፤ ትዳሩም ይፈርሳል። እሱ ስድስት ወር ያሰባት ቃል እኮ ናት! አሁን ግን ያቺው ቃል ዘካሪያን የምታድን ሆነችና ከጉሮሮው አልወጣ አለችው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሏችኋል፤ ይሄ ግን እንጨቱን ራሱ ሰድዶ፣ ማን ነው የሰደደው ሲባል አብሮ የሚፈልግ ሰው ነው።

ዶክተሯ ስትወጣ ፈትሂያ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት። እጅጌውን ያዘችው።

"ያቺ ነገር አለቀችበት። ሌላ አምጣልኝ።"

"የቷ?"

"እንፋሎቷ። ሲያፍነው እሷን ነው በብርድ ልብሱ ሥር እምሰጠው። የባሕር ዛፍ እንፋሎት ደረት ይከፍታል አይደል? ይቺማ ማንጎ ናት፤ ጉሮሮም አትጠብስ። ሲስባት ትንሽ ዐይኑን ይከድናል፣ ያርፋል።"

 ሰውዬው ጥፍሩ ጠቁሮ፣ በኦክስጅን ሥር ሆኖ፣ ከእህቱ እጅ እየሳበ ኖሯል። ሙንዚር አይሆንም ሊላት አፉን ከፈተ። "ለምን?" ትለዋለች። ከዚያ "ለምን" በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየው። አፉን መልሶ ዘጋው።

"ከሰዓት አመጣልሻለሁ፣" አላት።

አመጣላትም። ይሄን ለማመን የሚከብደው ሰው ካለ፣ ፈሪ ሰው አይቶ የማያውቅ ብቻ ነው። ጨካኝ ሰው አንድ ቦታ ላይ ይጠግባል። ፈሪ ግን የትናንቱን ለመደበቅ ዛሬ አዲስ ይሠራል።

በአራተኛው ቀን ሸኽ መሕሙድ በሽተኛ ሊጠይቁ ከኮምቦልቻ ወጡ። ከዘራቸውን አልጋው ላይ አስደግፈው ዱዓ አደረጉለት። ዘካሪያ ጋደም ማለት አልቻለም፤ ከጀርባው ፈትሂያ ተቀምጣ በደረቷ አስደግፋዋለች። ሙንዚር በወዲያ በኩል ነው። ዶክተር ሰርክአዲስ ገባች፤ መከፋቷ ከፊቷ ያስታውቃል።

"መድኃኒቱ አልያዘለትም፣" አለች። "የምንስተው ነገር አለ።"

በዚህ መሐል ዘካሪያ የኦክስጅን ጭንብሉን አወለቀና ታፈነ። ፈትሂያም፣ የምትደብቀው የሌላት ሰው እንደምታደርገው፣ ዶክተሯ ፊት፣ ሸኹ ፊት፣ ቢጫዋን ነገር ከጉያዋ አውጥታ አፉ ላይ ደቀነችለት።

"አብሽር፣ ሳባት፣" አለችው።

ዶክተሯ እጇን ያዘቻት። ዕቃዋን ነጥቃ ገለበጠችና ዐይኗን አጥብባ አነበበች።

"ይሄን ማን ሰጣችሁ?"

"ወንድሜ ነው፣" አለች ፈትሂያ፣ ፈገግ ብላ ወደ ሙንዚር እያሳየች። "ሲጋራውን ያስተወልኝ እሱ ነው።"

ዶክተሯ ዕቃዋን አንዴ፣ በሽተኛውን አንዴ አየች። ከዚያ ቁጣዋ መጣ።

"እየጠየቅኋችሁ! ስንት ጊዜ ጠየቅኋችሁ! ይሄ ውሃ መሰላችሁ? የሚሞቅ ዘይት ነው፣ ማጣፈጫ ነው፤ ተኖ ሳንባ ውስጥ ይገባና ሳንባውን ያቆስላል። ከሲጋራ ያነሰ መርዝ አለው የሚሉ አሉ፤ ያነሰ መርዝም መርዝ ነው። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቅ የለም። ኒኮቲኑም ይኸው፣ አምስት በመቶ!"

"ልጄ፣" አሉ ሸኽ መሕሙድ በቀስታ፣ "ኒኮ እምትይው ምንድነው?"

"ከትምባሆ የሚወጣ ነው አባቴ። ሲጋራ ሱስ የሚያሲዘው በእሱ ነው።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዶክተሯ ለምን ጸጥ እንዳለ አላወቀችም። "ደግሞ እኮ ደስ ሊላችሁ ይገባል፣" አለች። "ምክንያቱ ከታወቀ ሕክምናውን እንቀይራለን። ይተርፋል ብዬ አስባለሁ።" ይህን ብላ መድኃኒት ልታዝዝ ፈጥና ወጣች።

ማንም ደስ አላለውም። ፈትሂያ ባሏን በሁለት ክንዷ እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። እንቅስቃሴ ያደረገች እንደሆነ አንድ ነገር የሚሰበር መስሏታል።

ሸኹ ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

"ልጄ ዘካሪያ፣ ስማኝ። ሳያውቅ በመሐላው ላይ የወደቀ ሰው ቃሉ አይያዝበትም ያሉ ዓሊሞች አሉ። እኔም እሱን ይዤ ልከራከርልህ እችላለሁ። ትምባሆ እንዳለው ታውቅ ነበር?"

ሙንዚር በልቡ አሰላው። አላውቅም ቢል አለቀ፤ ቤቱ ይቆማል፣ እህቱም ሰውዬውን እንዳቀፈች ትቀራለች። አንዲት ቃል ናት። ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ፈትሂያ አፏ ሳይንቀሳቀስ "አላውቅም በል፣ አላውቅም በል" ስትል ከዐይኗ ይነበባል።

ዘካሪያ ጭንብሉን ከፍ አደረገ። ሞት ያየ ሰው ውሸት ይከብደዋል።

"በሁለተኛው ቀን ነው ያወቅሁት፣" አለ። ከአንዱ ቃል እስከ አንዱ ቃል ይተነፍሳል። "ሃያ ሁለት ዓመት አጭሻለሁ ሸኽዬ። ትምባሆን ላላውቀው? ጉሮሮዬ ነገረኝ። እንፋሎት ነው ስላለኝ፣ እንፋሎት ነው አልኩ። እሱንም መተው አልሆነልኝ፣ እሷንም ማጣት አልሆነልኝ። አውፍ በይኝ ፈቲ፣ ይቅር በይኝ።"

 ፈትሂያ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው።

"አንተስ?"

"እኔ… እኔ ሻጭ ነኝ፣ ዕቃ ይመጣል፣ እሸጣለሁ…"

"አንተስ አልኩህ።"

"ላንቺ ብዬ ነው፣" አለ ሙንዚር።

ከዚህ በላይ መናዘዝ የለም። ፈትሂያ አልጮኸችም። 

"ስድስት ወር፣" አለች። "ሰገድኩ፣ ጾምኩ፣ ባሌ ብዬ አንድ አልጋ ላይ ወጣሁ። እሱም እያወቀ፣ አንተም እያወቅክ። ፓፓያ ይዤልህ ስመጣ ታውቅ ነበር። ያች ትናንት በጄ ያስያዝከኝስ? እሷን አቀብለኸኝ ቤትህ ገብተህ ምሳ በላህ?"

"ፈትሂያ፣ ስሚኝ፣ ከዚህ ሰው ላወጣሽ…"

"አወጣኸኝ፣" አለች። "ካንተም ጭምር።"

"ልጄ፣" አሉ ሸኹ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ፣ "አንቺ ላይ ወንጀል የለብሽም። ሳታውቂ የሆነ ነው።"

"አውቃለሁ ሸኽዬ። ይሄማ ነው እሚቆጨኝ።"

ከዚያ ከዘካሪያ ጀርባ ተነሣች። ድጋፉ ሲጠፋ ሰውዬው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ሙንዚር ዘሎ በትከሻው ተቀበለው። ፈትሂያ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ሳበች፤ ባዳ ወንድ ፊት እንደሚደረገው። ፎጣዋን፣ መስገጃ ሙስሊቷን፣ ትንሽ ፌስታሏን ሰበሰበች። 

"አስታማሚ ያስፈልገዋል፣" አለች ወደ ግድግዳው እያየች። "እኔ ልነካው አይፈቀድልኝም። ኩታበር የነበረችው እናቱ ሞታለች፣ ወንድም የለው። አንተ አስታምመው።"

ሸኹ ከዘራቸውን ይዘው ተከተሏት። በዚያው ቀን ቢስቲማ አክስቷ ዘንድ ሄደች።

መድኃኒቱ ሲቀየር ሠራ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፣ በሳምንቱ ጥፍሩ ቀላ። ሳንባው እንደ ድሮው አይሆንም፣ ዳገት አይወጣም፣ ፋብሪካውም ይቀርበታል፤ ግን ይኖራል፣ አለች ዶክተሯ። ሙንዚር ሱቁን ዘግቶ ያጎርሰዋል፣ አክታውን ይደፋለታል፣ ደግፎ ሽንት ቤት ያደርሰዋል። ሲጠላው ከነበረው ይበልጥ ይጠላዋል፤ ሸክሙን ግን የሚያስረክበው ሰው የለም። በየቀኑ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ለፈትሂያ ይደውላል። ይጠራል፤ አይነሣም።

"አላነሣችም?" ይለዋል ዘካሪያ ሲመለስ።

"አላነሣችም።"

"የኔንማ ቁጥር ዘግታዋለች።"

አንድ ቀን ከሰዓት ዘካሪያ ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ ጠራው።

"ሙንዚር። ያ መሐላ አለቀ አይደል? ከንግዲህ እምፈታት ሚስት የለችኝም።"

"እና?"

"እና ምን ያግደኛል? ሂድና አንድ ፍሬ ሲጋራ አምጣልኝ። እውነተኛውን።"

"ትሞታለህ።"

"ያኔስ ስትሰጠኝ ምን አስበህ ነበር?"

 ሙንዚር ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወጣ። ከሆስፒታሉ በር ደርሶ ሲጋራ ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመ። ስልኩን አወጣና ደወለ፤ ለምን እንደደወለ እሱም አያውቅም። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ፣ ተነሣ።

"ሞተ?" አለችው ፈትሂያ።

ድምጿ ደረቅ ነው።

"አልሞተም። ተሽሎታል። ፈትሂያ፣ እባክሽ…"

"እንግዲያ ለምን ደወልክ?"

ዘጋችው። መልሶ ሲሞክር ስልኩ ጨርሶ አይጠራም። ሲጋራውን ሳይገዛ ተመለሰ። ዘካሪያ ትራሱ ላይ ቀና ብሎ በሩን በሩን ሲያይ ነበር የጠበቀው፤ ስልኩን በእጁ ሲያይ ሲጋራውን ረሳው።

"አነሣች?"

"አነሣች።"

"ምን አለች?"

ሙንዚር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ስላንተ ጠየቀች፣" አለው።

የዘካሪያ ፊት በራ። ያ ሲያስጠላው የኖረ ሳቅ፣ ከስቶ፣ ጥርስ ብቻ ሆኖ፣ ከንፈሩ ላይ ተመለሰ። እንባውን በብርድ ልብሱ ጫፍ ጠረገ።

"አውቄው ነበር። ወላሂ አውቄው ነበር፤ እሷ አትጨክንም። ሸኾቹ መላ አያጡም፣ ኢንሻአላህ ነገ ትመጣ ይሆናል፤" አለና አገጩን በእጁ ዳሰሰ። "እንዲህ ሆኜ አታግኘኝ። ጢሜን አስተካክልልኝ እስኪ።"

ሙንዚር ለብ ያለ ውሃና ምላጭ አምጥቶ፣ አገጩን በግራ እጁ ይዞ፣ እንዳይቆርጠው እየተጠነቀቀ ጢሙን ያስተካክልለት ጀመር።